ከሰረዙ በኋላ ያለው ቁጥር

በ2024 አጋማሽ ዴቢያን 12 የተባለው የሊኑክስ ስርጭት በተጫነበት ሰርቨር ላይ የኦፕን ኤስኤስኤች ስሪት ስንት እንደሆነ የጠየቀ ሰው ይህን መልስ ያገኝ ነበር፦ 1:9.2ፒ1-2+ዴብ12ዩ3። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው፤ በስሪቱ ውስጥ ያሉትንም ፊደላት በእኛ ፊደል ጽፌያቸዋለሁ።) ለማያውቀው ሰው ሕፃን ልጅ የኮምፒውተር ቁልፎች ላይ እጁን ያሳረፈ ይመስላል። ግን እያንዳንዱ ነጥብ፣ ሰረዝና ቁጥር የሆነ ሰው ሥራ ማኅተም ነው። ማኅተሙን ያሳረፉትም ሰዎች በአንድ ቤት አይኖሩም፤ አብዛኞቹ ተገናኝተውም አያውቁም።

አንድ ክፍት ምንጭ ሶፍትዌር ከተጻፈለት ኦፕሬቲንግ ሲስተም ወጥቶ ሌላው ላይ እንዲሠራ ሲላመድ፣ በየስንት ጊዜው እንደገና ይለቀቃል? ኮምፒውተራቸው በየሳምንቱ «አፕዴት አለ» የሚላቸው ሰዎች ደጋግመው ይጠይቁኛል። «በየስድስት ወሩ» ብዬ ብመልስ ውሸት ይሆንብኛል። እውነተኛው መልስ ያለው እላይ በጻፍኩት ሐረግ ውስጥ ነው፤ እዚያ ውስጥ በየራሳቸው ፍጥነት የሚሄዱ ብዙ ሰዓቶች አሉ። በአንድ ፕሮግራም ምሳሌነት አንድ በአንድ እንያቸው።

ኦፕን ኤስኤስኤች አንድ ሰው ቢሮው ተቀምጦ ሌላ ከተማ ወይም ሌላ አገር ያለ ኮምፒውተር ውስጥ ገብቶ እንዲሠራ የሚያስችል ፕሮግራም ነው። መንገድ ላይ ያደፈጠ ሰው የይለፍ ቃሉንም ሆነ የሚጻፈውን እንዳያነብ መስመሩን ይመሰጥራል። የሊኑክስ ሰርቨር የሚያስተዳድር ባለሙያ ጠዋት ሥራ ሲጀምር መጀመሪያ የሚከፍተው ብዙ ጊዜ ይህንኑ ነው። የመጀመሪያውን ኤስኤስኤች የጻፈው ፊንላንዳዊው ታቱ ኢሎነን ነው፤ በ1995 በሄልሲንኪ የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ኔትዎርክ ላይ የይለፍ ቃል የሚለቅም ሰው ከተደረሰበት በኋላ። ኮዱ መጀመሪያ ለሁሉም ክፍት ነበር፤ ቆይቶ ግን ፈቃዱ ከስሪት ወደ ስሪት እየጠበበ ሄደ። የኦፕን ቢኤስዲ ገንቢዎች በ1999 ፈቃዱ ገና ያልጠበበውን አሮጌውን ስሪት 1.2.12ን አነሡ፤ ኮዱን አጸዱት፤ ዲሴምበር 1 ቀን 1999 ከኦፕን ቢኤስዲ 2.6 ጋር «ኦፕን ኤስኤስኤች» ብለው አወጡት።

ኦፕን ቢኤስዲ ቴዎ ደ ራት ከካናዳዋ ካልጋሪ የሚመራው፣ ከሁሉ በላይ ለደህንነት የሚጨነቅ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ነው። በየስድስት ወሩ አዲስ ልቀት ያወጣል። የኦፕን ኤስኤስኤች ዋና ኮድ የሚጻፈው ለእሱ ብቻ ነው። ጸሐፊዎቹ «ይህ በሊኑክስ ላይ ይሠራ ይሆን? በማክ?» እያሉ ኮዱን በቅድመ ሁኔታ አያጨናንቁም፤ ኮዱ አጭርና ጥርት ያለ እንዲሆን፣ ስህተት ቢኖርበት በዓይን እንዲታይ ይፈልጋሉ። ለሌላው ዓለም የሚያላምደው የተለየ ቡድን ነው። በስሪቱ ውስጥ ያለችው «ፒ» የዚህ ቡድን ማኅተም ናት፤ ተላማጁ እትም ማለት ነው። 9.2 የኦፕን ቢኤስዲው ነው፤ 9.2ፒ1 ለሌላው ዓለም የተላመደው።

የማላመድ ሥራ ምን እንደሚመስል ለማስረዳት ልብስ ሰፊ ይሻለኛል። አንድ ጥሩ ሰፊ ለአንድ ሰው ልክ ኮት ሰፋ እንበል። ኮቱ ያማረ ስለሆነ ሌሎችም ፈለጉት። ሁለተኛው ሰፊ ያንኑ ኮት ተቀብሎ ለአንዱ እጅጌውን ያሳጥራል፣ ለሌላው ትከሻውን ያሰፋል፣ ኪስ ለሌለው ኪስ ይጨምራል። ከዚያ በኋላ ኮቱ በሁለት ምክንያት ወደ ሁለተኛው ሰፊ ይመለሳል፤ ወይ የመጀመሪያው ሰፊ ልኩን ሲቀይር፣ ወይ የለባሹ ሰውነት ሲለወጥ። የተላመደ ሶፍትዌር ከመነሻው ይልቅ ቶሎ ቶሎ የሚለቀቀው ለዚህ ነው። መነሻው አንድ ጌታ አለው፤ የተላመደው ግን ሁለት።

ስፌቱ ራሱ ደግሞ ይተረተራል። በሴፕቴምበር 2003 አጋማሽ የሆነውን ላንሣ። በኮዱ የማስታወሻ አያያዝ ላይ ቀዳዳ ተገኘና 3.7 ወጣ፤ ጥገናው እንዳልተሟላ ስለታየ ወዲያው 3.7.1 ተከተለ። ሁለቱም በተላመደው እትማቸው 3.7ፒ1 እና 3.7.1ፒ1 ሆነው ተለቀቁ። ሴፕቴምበር 23 ቀን ግን ሦስተኛ ልቀት አስፈለገ፤ 3.7.1ፒ2። ይኸኛው ለኦፕን ቢኤስዲ ተጠቃሚዎች ምንም አልነበረውም። ሊኑክስና አንዳንድ ሌሎች ሲስተሞች የተጠቃሚን ማንነት የሚያጣሩት ፓም በተባለ ሥርዓት ነው፤ ኦፕን ቢኤስዲ ፓም የለውም፤ ስለዚህ የፓም ኮድ የሚኖረው በተላመደው እትም ውስጥ ብቻ ነው። ቀዳዳው እዚያ ነበር። በሳምንት ገደማ ውስጥ ሦስት ልቀት፤ የመጨረሻው ከስፌቱ ብቻ የመጣ። ከዚያ ወዲህ «ፒ2» የሚል ስሪት ሳይ ቆም እላለሁ፤ ብዙ አይታይም፤ ሲታይ ደግሞ ሊነበብ የሚገባው ታሪክ አለው።

ሁለተኛው ምክንያት፣ የለባሹ ሰውነት መለወጥ፣ ለተራ ተጠቃሚ ለማየት ይከብዳል። የኦፕን ኤስኤስኤች ሰርቨር ከማያውቀው ሰው ጋር የሚነጋገረውን ክፍሉን አጥር ውስጥ ያስገባዋል፤ ያ ክፍል ቢጠለፍ እንኳ ብዙ ጉዳት እንዳያደርስ። አጥሩ በኦፕን ቢኤስዲ ፕሌጅ፣ በሊኑክስ ሴክኮምፕ ይባላል። የሊኑክሱ አጥር ለኦፕሬቲንግ ሲስተሙ የሚደረጉ የተፈቀዱ ጥሪዎች ዝርዝር ነው፤ ከዝርዝሩ ውጭ አንድ ጥሪ ያደረገ ሂደት እዚያው ይገደላል። በ2020 መጀመሪያ የሊኑክስ ፕሮግራሞች የሚጋሩት መሠረታዊ የኮድ ቤተ መጻሕፍት የሆነው ጂሊብሲ 2.31 መጣ። ይህ ስሪት አንድ የቆየ ሥራ፣ ለአፍታ የመተኛትን ሥራ፣ በአዲስ ጥሪ መፈጸም ጀመረ። አዲሱ ጥሪ በኦፕን ኤስኤስኤች ዝርዝር ውስጥ አልነበረም። ከኦፕን ኤስኤስኤች ኮድ አንድ ፊደል አልተነካም፤ ሆኖም ሰርቨሩ ሊሞት ተቃርቦ ነበር። የዴቢያን አዘጋጆች ከዋናው ምንጭ ጥገናውን ወስደው 8.1ፒ1-5 ብለው ለቀቁ። እዚህ ላይ ከሰረዙ በኋላ ያለውን ቁጥር ልብ በሉ። 8.1ፒ1 እንዳለ ነው፤ 5 ግን ያው ኮድ ለአምስተኛ ጊዜ እንደገና መታሸጉን ይናገራል።

ይህ ሰረዝ የሦስተኛው ሰፊ ማኅተም ነው። ዴቢያን፣ ኡቡንቱ፣ ፌዶራና የመሳሰሉት የሊኑክስ ስርጭቶች የተላመደውን ኮድ ተቀብለው በየራሳቸው ሕግ ያሽጉታል፤ የፋይሎቹን ቦታ ያስተካክላሉ፣ ሰርቨሩ ኮምፒውተሩ ሲነሣ አብሮ እንዲነሣ ያደርጋሉ፣ የራሳቸውን እራፊ ይጥፋሉ። በሙያው ቋንቋ እራፊው ፓች ይባላል። አንዲት የማዋቀሪያ ፋይል ብትስተካከል፣ አንድ ትርጉም ቢጨመር፣ አንድ እራፊ ቢወጣ ከሰረዙ በኋላ ያለው ቁጥር በአንድ ይጨምራል። ፍሪ ቢኤስዲ የተባለው ሌላ ኦፕሬቲንግ ሲስተምም ፖርትስ በሚለው ስብስቡ ከ30,000 በላይ ሶፍትዌሮችን የሚያላምደው በተመሳሳይ ዘዴ ነው፤ እዚያ ቁጥሩ ከሰረዝ ይልቅ ከታችኛው ሰረዝ በኋላ ይመጣል።

በዴቢያን ውስጥ እንኳ ሰዓቱ አንድ ዓይነት አይደለም። አዲስ ልቀት መጀመሪያ የሚገባው «ያልተረጋጋ» በሚባለው ክፍል ነው። ከዚያ ወደ መፈተኛው ክፍል ለማለፍ ይጠብቃል፤ አዘጋጁ ጉዳዩ የማያስቸኩል ነው ካለ 10 ቀን፣ መካከለኛ ነው ካለ 5 ቀን፣ አስቸኳይ ነው ካለ 2 ቀን። እዚያ ያለ ሰው በሳምንት ብዙ አፕዴት ያያል። በየሁለት ዓመቱ ገደማ ደግሞ መፈተኛው ይቆለፋል፣ ይጠራል፣ የተረጋጋው ዴቢያን ሆኖ ይወጣል። ዴቢያን 12 ጁን 10 ቀን 2023 የወጣው እንዲህ ነው። በውስጡ የነበረው ኦፕን ኤስኤስኤች 9.2ፒ1-2 ነበር፤ 9.2 ራሱ የወጣው በዚያው ዓመት ፌብሩዋሪ ነው።

ከዚህ በኋላ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። የኦፕን ኤስኤስኤች ገንቢዎች አልተኙም፤ 9.3፣ 9.4፣ 9.5 እያሉ ቀጠሉ። ዴቢያን 12 ግን 9.2 ላይ ቀረ። ስንፍና አይደለም፤ ቃል ነው። የተረጋጋ ስርጭት ለተጠቃሚው «ዛሬ ያዋቀርከው ሰርቨር ነገ ጠዋት ባሕርዩ ተቀይሮ አይጠብቅህም» የሚል ቃል ይገባል። አዲስ ስሪት አዲስ ባሕርይ ያመጣል፤ ድሮ የነበረ አማራጭ ይሰረዛል፣ ነባሪው ይቀየራል። ስለዚህ የዴቢያን ሰዎች ከአዲሱ ስሪት የደህንነት ጥገናውን ብቻ ነቅለው በአሮጌው ላይ ይተክላሉ። ለሊቅም ቢሆን አድካሚ ሥራ ነው፤ ጥገናው የተጻፈው ለሌላ ኮድ ስለሆነ ሁልጊዜ በሰላም አይበቅልም።

የሐረጉ መጨረሻ፣ «ዩ» የምትለዋ፣ የዚህ ንቅለ ተከላ ቆጣሪ ናት። የኦፕን ቢኤስዲን ሰዎች ጁላይ 2023 ላይ 9.3ፒ2ን እንዲያወጡ ያስገደደው የቁልፍ ያዡ ፕሮግራም ቀዳዳ በዴቢያን 12 ዩ1 ሆኖ ገባ። በዲሴምበር 2023 ቴራፒን የተባለው ጥቃት ይፋ ሲሆን ዋናው ምንጭ 9.6ን አወጣ፤ ዴቢያን በቀናት ውስጥ ዩ2ን። ጁላይ 1 ቀን 2024 ዩ3 መጣ። ፌብሩዋሪ 2025 ላይ ቁጥሩ ዩ5 ደርሶ ነበር። ይኸው እንግዲህ፣ ዴቢያን 12 ከወጣ በ20 ወር ውስጥ አምስት ጊዜ። ማካፈል የሚወድ ሰው «በየአራት ወሩ» ይላል፤ ነገር ግን ማንም በአራት ወር ቀጠሮ አልሠራም። ለቀናት የተቻኮሉበት አለ፣ ለወራት ዝም ያለበትም አለ።

ዩ3 የመጣችበትን ቀን ለብቻው መናገር እፈልጋለሁ፤ የማላመድን ሥራ ክብደት ከዚያ የተሻለ የሚያሳይ ታሪክ አላውቅም። ኳሊስ የተባለው የደህንነት ድርጅት ተመራማሪዎች ሬግሬሽን ብለው የሰየሙትን ቀዳዳ ይፋ ያደረጉት በዚያ ቀን ነው። አንድ ሰው ወደ ሰርቨሩ ለመግባት መስመር ከፍቶ ማንነቱን ሳያረጋግጥ 120 ሰከንድ ካለፈው፣ ሰርቨሩ ውስጥ ማንቂያ ይደውላል፤ ፕሮግራሙ የያዘውን ሥራ ባለበት ትቶ መዝገብ ላይ ይጽፋል፣ መስመሩንም ይዘጋል። ችግሩ «ባለበት ትቶ» የሚለው ላይ ነው። ከክምር ላይ ገንዘብ እየቆጠረ ያለን ሰው በመሃል አቋርጣችሁ ከዚያው ክምር ክፍያ እንዲፈጽም ብታዙት ምን ይሆናል? ግማሹ የተቆጠረ፣ ግማሹ ያልተቆጠረ ክምር ይታመሳል። ማንቂያው ከተደወለ በኋላ የሚጠራው የመዝገብ ሥራ በሊኑክሱ ጂሊብሲ ላይ ያንኑ የማስታወሻ ክምር ይነካ ነበር። ጊዜውን በትክክል የመታ አጥቂ፣ በተመራማሪዎቹ ሙከራ በአማካይ 10,000 ጊዜ ያህል ሞክሮ፣ ያለ ይለፍ ቃል የሰርቨሩ ሙሉ ባለቤት ይሆናል።

ኦፕን ቢኤስዲ ግን አልተነካም። በእሱ ላይ ማንቂያው የሚጠራው በ2001 የተጻፈ፣ በመሃል ቢቋረጥ የማይታመስ የመዝገብ ሥራ ነው። አንዱ ኮድ በአንዱ ቤት ደህና፣ በሌላው ቤት ክፍት በር። ይባስ ብሎ ቀዳዳው በ2006 ተገኝቶ 4.4ፒ1 ላይ ተደፍኖ ነበር። በ2020 ኮዱ ሲስተካከል ያንን መድፈኛ የያዘችው መስመር ሳይታወቅ ወጣች፤ ከ8.5ፒ1 እስከ 9.7ፒ1 ያሉት ልቀቶች ሁሉ ክፍት ሆነው ወጡ። ከዓመታት በፊት የተደፈነ ቀዳዳ በጽዳት ሥራ መካከል ተመልሶ ይከፈታል ብሎ ማን ይጠረጥራል?

ያን ቀን ኦፕን ኤስኤስኤች 9.8ፒ1ን አወጣ። ዴቢያን 12 በዚያው ዕለት 9.2ፒ1-2+ዴብ12ዩ3ን፤ ኡቡንቱ 22.04 8.9ፒ1-3ኡቡንቱ0.10ን፤ ኡቡንቱ 24.04 9.6ፒ1-3ኡቡንቱ13.3ን ለቀቁ። አራት የተለያዩ ቁጥሮች፣ አንድ ጥገና። ለአንድ ጥገና ስንት ስርጭት ስንት ፓኬጅ እንደገና እንዳሸገ አስቡት። ይህን የሚያደርጉት ሰዎች ብዙዎቹ ደመወዝ የማይከፈላቸው በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ምስጋናቸው ብዙ ጊዜ ዝምታ ነው፤ ምንም ሳይበላሽ ሲያልፍ ማንም ልብ አይልም። እኔ ግን በአደባባይ ላመሰግናቸው እወዳለሁ።

ከሰባት ቀን በኋላ፣ ጁላይ 8፣ ሌላ ቀዳዳ ተሰማ። በደህንነት ዓለም ሶላር ዲዛይነር በሚል ስም የሚታወቀው አሌክሳንደር ፔስልያክ የመጀመሪያውን ቀዳዳ ሲመረምር ያገኘው ነው። ይኸኛው በኦፕን ቢኤስዲም፣ በተላመደው እትምም አልነበረም፤ ሬድ ሃት የተባለው የሊኑክስ ስርጭት ኩባንያ በ8.7ፒ1 ላይ በጣፈው የራሱ እራፊ ውስጥ እንጂ። ሦስተኛው ሰፊ በጨመረው ክር ላይ የተተረተረ ማለት ነው። ሬድ ሃትም ፓኬጁን እንደገና ለቀቀ፤ ዴቢያን ግን ያ እራፊ ስላልነበረው አንድም ነገር አላስፈለገውም።

ከሰረዙ በኋላ ባለው ቁጥር ውስጥ ተደብቆ ከገባው ስህተት ሁሉ የከፋው ግን የዴቢያን ነው፤ የ2008ቱ። ኦፕን ኤስኤስኤል የሚባለውና ቁልፍ ለመፍጠር የሚያገለግለው ቤተ መጻሕፍት በሴፕቴምበር 2006 በስሪት 0.9.8ሲ-1 ሲታሸግ፣ የስህተት መፈለጊያ መሣሪያ ደጋግሞ ያስጠነቀቀበት የኮድ መስመር ከሥራ ውጭ ተደረገ። መስመሩ ለማስጠንቀቂያው ምክንያት ነበር፤ ግን የቁልፎቹም ዕጣ መዘዣ እሱ ነበር። ከዚያ በኋላ ለዕጣው የቀረለት የሂደቱ መለያ ቁጥር ብቻ ሲሆን፣ ያ ቁጥር ቢበዛ 32,768 ነው። በዓለም ላይ ተደግሞ እንዳይገኝ የታሰበው ቁልፍ በአንድ ዓይነትና በአንድ መጠን ከ33,000 ባነሱ አማራጮች ውስጥ ወደቀ፤ አንድ ተራ ኮምፒውተር ሁሉንም ፈጥሮ ሊሞክራቸው ይችላል። ሉቺያኖ ቤሎ አግኝቶት ሜይ 13 ቀን 2008 ይፋ ሲሆን ቤተ መጻሕፍቱን ብቻ እንደገና መልቀቅ አልበቃም። ኦፕን ኤስኤስኤችም ደካማ ቁልፎችን እየለየ እንዲመልስ የተከለከሉ ቁልፎች ዝርዝር ተጨምሮለት ተለቀቀ፤ ተጠቃሚዎችም በእነዚያ ሁለት ዓመታት የፈጠሩትን ቁልፍ ጥለው አዲስ መፍጠር ነበረባቸው። በዋናው ምንጭ ላይ አንዳች ስህተት አልነበረም።

እዚህ ደርሶ «ታዲያ እራፊ መጣፍ ይቅር» የሚል አንባቢ ይኖራል። ሐሳቡ ይገባኛል፤ ግን ያለ እራፊ ኮቱ አይለበስም። የሚሻለው እራፊው ወደ መጀመሪያው ሰፊ ተመልሶ እሱ ራሱ እንዲሰፋው ማድረግ ነው። በ2024 የሆነው ይህን ያሳያል። ዴቢያንና ሌሎች ስርጭቶች የኤስኤስኤች ሰርቨር «ተነሥቻለሁ» ብሎ ለሲስተምዲ፣ ማለትም በሊኑክስ ላይ አገልግሎቶችን ለሚያስነሣው ፕሮግራም፣ እንዲያስታውቅ የራሳቸውን እራፊ ጥፈው ነበር። እራፊው የሲስተምዲን ቤተ መጻሕፍት ጎተተ፤ ያኛው ደግሞ ፋይል የሚያጨምቀውን የኤክስዜድን ቤተ መጻሕፍት። በኤክስዜድ 5.6.0 እና 5.6.1 ውስጥ አንድ ሰው ሆን ብሎ የተደበቀ በር ሠርቶ ነበር፤ ዒላማውም በዚህ ሰንሰለት ተሻግሮ ኤስኤስኤች ጋ መድረስ ነበር። የደረሰበት ፖስትግሬስ የተባለው የመረጃ ቋት ገንቢ አንድሬስ ፍሮይንድ ነው፤ በኤስኤስኤች መግባት ግማሽ ሰከንድ ያህል ስለዘገየበት ምክንያቱን ፈልጎ። ማርች 29 ቀን 2024 ይፋ አደረገው። የተረጋጋው ዴቢያን ገና ያን ስሪት ስላልወሰደ ተረፈ፤ የመዘግየቱ ጥቅም አንዱ ይህ ነው። ባልተረጋጋው ክፍል ግን ስሪቱን ወደ ኋላ መመለስ ግድ ሆነ። ፓኬጅ አስተዳዳሪው ግን ወደ ኋላ አይሄድም፤ የሚያውቀው ትልቅ ቁጥር አዲስ ነው የሚለውን ብቻ ነው። ስለዚህ 5.6.1+ሪሊ5.4.5-1 የሚል ስሪት ለቀቁ፤ «ስሜ 5.6.1 ነው፤ በእውነቱ ግን 5.4.5 ነኝ» እንደማለት። በመግቢያዬ ሐረግ መጀመሪያ ላይ ያለው «1:» ለዚሁ ዓይነት ችግር የተሠራ ሌላ መፍትሔ ነው፤ የቁጥር ሥርዓቱ ሲቀየር ዘመኑን አንድ ብሎ ያስጀምራል፤ አንዴ ከገባ ደግሞ አይወጣም። ኦፕን ኤስኤስኤች በበኩሉ በ9.8 ላይ ለሲስተምዲ የማስታወቁን ሥራ በጥቂት መስመሮች ራሱ ጻፈው፤ ሌላ ቤተ መጻሕፍት የሚጎትት እራፊ ከእንግዲህ አያስፈልግም።

አንድም የምንጭ ኮድ ሳይነካ የሚደረግ ልቀትም አለ። ፓኬጁ የሚደገፍበት ቤተ መጻሕፍት መልኩን ሲቀይር ያው ኮድ እንደገና መጠናቀር ብቻ ይበቃዋል፤ ዴቢያን ያኔ ከስሪቱ መጨረሻ «+ቢ1» ይጨምራል። በ2024 መጀመሪያ ይህ በጅምላ ሆነ። በ32 ቢት ማሽኖች ላይ ጊዜ የሚቆጠርበት ቋት በ2038 ሞልቶ ስለሚፈስ ዴቢያን ወደ 64 ቢት ለመሻገር ወሰነ፤ በመቶዎች የሚቆጠሩ ቤተ መጻሕፍት ስማቸው ላይ «ቲ64» ተጨመረ፤ በእነሱ ላይ የቆመው ሁሉ እንደገና ተጠናቀረ። ከ14 ዓመት በኋላ ለሚመጣ ችግር ሲባል ያን ሁሉ ልቀት መልቀቅ ብዙ ሰው ትርፍ ሥራ ይመስለዋል። መኪናና የፋብሪካ መቆጣጠሪያ ውስጥ የተቀበሩ ትንንሽ ኮምፒውተሮች ግን ስንት ዓመት እንደሚኖሩ ያየ ሰው አይፈርድም።

ይህን ሁሉ ማወቅ የሚጠቅመው በተለይ በቢሮ ውስጥ ነው። የደህንነት መፈተሻ ፕሮግራም አንድ ሰርቨር ላይ «ኦፕን ኤስኤስኤች 9.2» የሚል ሲያነብ «ከ9.8 በታች ነው፤ ለሬግሬሽን ክፍት ነው» ብሎ በቀይ ይጽፋል። የባንክም ይሁን የዩኒቨርሲቲ ኃላፊ ሪፖርቱን አይቶ «ለምን አላደሳችሁም?» ብሎ ይቆጣል። ወጣቱ ባለሙያ ተደናግጦ ከበይነ መረብ ያገኘውን 9.8 በእጁ አጠናቅሮ ይጭናል፤ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ያ ሰርቨር ከዴቢያን የደህንነት ቡድን እጅ ወጣ፤ የሚቀጥለው ቀዳዳ ሲመጣ ዩ4ም ዩ5ም አይደርሱትም። ማሽኑ ግን ቀድሞውኑ የተጠገነ ነበር። የዴቢያን ኤስኤስኤች ከስሪቱ ጋር «ዴቢያን-2+ዴብ12ዩ3» እያለ ለሚጠይቀው ሁሉ ይናገራል፤ የሰማው ግን የለም። ይህን አንድ ነገር ብቻ ይዞ የሚሄድ አንባቢ ቢኖር ደክሜ አልቀረሁም።

የዝምታም ጉዳይ አለ። በዴቢያን ውስጥ አቢሲኒካ ኤስአይኤል የተባለው የግዕዝ ፊደል ቅርጽ እንደ ፓኬጅ ይገኛል። እንዲህ ያለ የፊደል ቅርጽ ከኔትዎርክ ጋር አይነጋገርም፣ ማስታወሻ አያምስም፤ አንዴ በደንብ ከተሠራ ለረዥም ጊዜ ምንም ላይነካው ይችላል። በመካከል የሚለቀቅ ቢኖርም ብዙ ጊዜ የማሸጊያ ሕግ ስለተቀየረ እንጂ «ሀ» ቅርጿን ስለለወጠች አይሆንም። ኤስኤስኤች ለአንድ ዓመት ዝም ቢል ግን እጨነቃለሁ። ስለዚህ ሁለት ፓኬጆች በዓመት ስንት ጊዜ ተለቀቁ ብሎ ማወዳደር አንዱን በሬ ሌላውን ዛፍ አድርጎ «የትኛው ብዙ ይሄዳል?» እንደማለት ነው።

መጠየቅ ያለበት ለውጡን የሚጽፍ ሰው አለ ወይ የሚለው ነው። እሱን ለማወቅ ልዩ እውቀት አያስፈልግም። እያንዳንዱ የዴቢያን ፓኬጅ የለውጥ መዝገብ አለው፤ በትእዛዝ መስመር ላይ ‹አፕት ቼንጅሎግ› ብሎ የፓኬጁን ስም የጻፈ ሁሉ ያነበዋል። እያንዳንዱ ልቀት ቀኑ፣ የአስቸኳይነቱ ደረጃ፣ የተለወጠውና የፈረመው ሰው ስም አለበት። የኦፕን ኤስኤስኤችን መዝገብ ከታች ወደ ላይ ያነበበ ሰው የ2008ቱን ድንጋጤም፣ የጂሊብሲውን ጥገናም በየቀናቸው ያገኛቸዋል፤ ፊርማዎቹ ከአንዱ አዘጋጅ ወደ ሌላው እንዴት እንደተላለፉም ያያል።

ዴቢያን 12 ከጁን 2026 በኋላ ከዋናው የደህንነት ቡድን ወጥቶ ለረዥም ጊዜ ድጋፍ ቡድኑ ይተላለፋል፤ ያኛው ቡድን እስከ ጁን 2028 መጨረሻ ይይዘዋል። ዋናው ኦፕን ኤስኤስኤች በኤፕሪል 2025 10.0ን አውጥቷል፤ እስከዚያ ድረስ የት ይደርስ ይሆን? በዴቢያን 12 ላይ ግን 9.2ፒ1-2 የሚለው ቁጥር እስከ መጨረሻው ቀን አይነቃነቅም። የሚንቀሳቀሰው ጫፉ ላይ ያለው «ዩ» ነው።